ዜማው የማን ነው?

በዚህ ጋዜጣ ብዙ ጊዜ የምጽፍላችሁ ስለ መብትና ስለ ልጆች ትምህርት ነው። ዛሬ ግን በሥራዬ ላይ ስለ ሠራሁት አንድ ስሕተት ላጫውታችሁ።

የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ሆኜ በተቀጠርኩ በመጀመሪያው ዓመት በአንድ የአረጋውያን ሞዓዶን እሠራ ነበር። እዚያ በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና የተወለዱ አንዲት እናት ነበሩ። ከሰው ጋር ብዙም አይነጋገሩም። ጠዋት ጠዋት መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው፣ ጠረጴዛውን በጣታቸው እየመቱ አንድ ዜማ ያንጎራጉራሉ። እኔም በመዝገባቸው ላይ «ግራ ይጋባሉ፤ ለብቻቸው ይዘፍናሉ» ብዬ ጻፍኩ።

አንድ ቀን ልጃቸው ልትጠይቃቸው ስትመጣ ይህንኑ ነገርኳት። ሳቀችና «እናቴ ግራ አልተጋባችም፤ ይህ እኮ የኤይዝለር ዘፈን ነው» አለችኝ። ዩኒቨርሲቲ ተምሬአለሁ፣ የሞዛርትን ስም አውቃለሁ፤ ይህን ስም ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር። አፍሬ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ።

ኤድሙንድ ኤይዝለር በ1874 (ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ቪየና ውስጥ ከአይሁድ ነጋዴ ቤተሰብ የተወለደ የዜማ ደራሲ ነው። በወጣትነቱ አንድ ኦፔራ ደረሰ፤ ወደ መድረክ የሚያወጣለት ግን አላገኘም። ተስፋ ሳይቆርጥ ከዜማዎቹ ወስዶ ለኦፔሬታ አዋላቸው። ኦፔሬታ ማለት ንግግር፣ ዘፈንና ጭፈራ ያለበት አስቂኝ የቴያትር ጨዋታ ነው። ይህ «ብሩደር ሽትራውቢንገር» የተባለው ሥራ በ1903 በቴያትር አን ዴር ቪን ታየ። ዋናው ተዋናይ በዘመኑ እጅግ የታወቀው አሌክሳንደር ጊራርዲ ነበር። በውስጡ ያለው ስለ መሳም የሚዘፈን የቫልስ ዘፈን ከቴያትር ቤቱ ወጥቶ በሕዝቡ አፍ ገባ። ኤይዝለር ከዚያ በኋላ ወደ 60 የሚጠጉ የመድረክ ሥራዎችን ደረሰ። በ1913 የጻፈው አንድ ኦፔሬታ በ1915 ኒው ዮርክ ሲደርስ፣ ሲግመንድ ሮምበርግ የተባለ ሌላ ደራሲ ብዙ አዲስ ዜማ ጨመረበት፤ ዝናውም ለሮምበርግ ሆነ።

በመጋቢት 1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ያዙ። ኤይዝለር አይሁዳዊ በመሆኑ ሥራዎቹ ከመድረክ ታገዱ። እሱ ራሱ በዘመድና በወዳጅ ቤት ተሸሽጎ ከሞት ተረፈ። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1947፣ አዲስ ሥራ ይዞ ወደ ቪየና መድረክ ተመለሰ። በ1949 በ75 ዓመቱ ሲያርፍ ከተማይቱ በክብር ቀበረችው። ዛሬ ግን የሽትራውስና የሌሐር ስም ሲነሣ የእሱ ስም እምብዛም አይነሣም።

በማግስቱ ወደ እኚያ እናት ጠጋ ብዬ «ኤይዝለር!» አልኳቸው። ጣታቸው ቆመ፤ ቀና ብለው አዩኝ። እናታቸው ልጃገረድ ሳሉ ጊራርዲን በመድረክ እንዳዩት፣ ዘፈኑንም ወጥ ሲሠሩ ይዘፍኑት እንደነበር አጫወቱኝ። ያን ቀን አንድ ሰዓት ሙሉ ተጨዋወትን። ከዚያም መዝገቡን ከፍቼ የጻፍኩትን ሰረዝኩና «የእናታቸውን ዘፈን ይዘፍናሉ» ብዬ አስተካከልኩ።

ከዚህ ይበልጥ የሚያሳፍረኝ ግን የቤቴ ነገር ነው። አያቴ ጥጥ ስትፈትል የምታንጎራጉረው፣ ከጎንደር ይዛው የመጣች ዜማ ነበራት። እኔ በዚያን ጊዜ እንደ ክፍል ጓደኞቼ ለመሆን እጣደፍ ነበር። ጓደኛ ይዤ ስመጣ «እባክሽ እማዬ፣ ዝም በይ» እላት ነበር። እሷም ዝም ትል ነበር። ዛሬ በሕይወት የለችም። ዜማውን ግማሽ ድረስ አስታውሳለሁ፤ ከማን እንደተማረችው ግን የምጠይቀው ሰው የለኝም።

የኤይዝለር ስም በመጽሐፍ ተጽፎ ስለቆየ ፈልጌ አገኘሁት። የአያቴን ዜማ የጻፈው ግን የለም። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ አያቶች በቤታችሁ ካሉ ቡና ሲፈላ ልጆቻችሁን አጠገባቸው አስቀምጡ። «ይህ ዘፈን ምንድን ነው? ማን አስተማረዎት? የት አገር?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም ይጻፉት። በአማርኛም ሆነ በዕብራይስጥ ቢሆን ግድ የለም፤ ስሙ ብቻ አይቅር።

ሰላም ሁኑ።