ከበሩ ማዶ ያለችው ሪያድ

የተወደድሽ እኅቴ፣ ይህን ጽሑፍ የምታነቢው ምናልባት ሌሊት፣ ቤተ ሰቡ ሁሉ ከተኛ በኋላ ይሆናል። ስለዚህ ነገሬን አላስረዝምብሽም። ዛሬ ስብከት አልያዝኩም። አንቺ ስላለሽባት፣ እኔ ግን በእግሬ ስላልረገጥኳት ስለ ሪያድ ከተማ አንድ የሰፈራችን ልጅ የነገረኝን ላጫውትሽ ነው።

ልጁ እንደ እኔው የወሎ ልጅ፣ ሙስሊም ነው። አባቱና እኔ አብረን ከብት ጠብቀናል። የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝቶ በንጉሥ ሳዑድ ዩኒቨርሲቲ ይማራል። ይህ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1957 የተመሠረተ፣ ከብዙ አገር ተማሪ የሚቀበል ነው። ከልጁ ጋር የሚያድሩት አንዱ ከኢንዶኔዥያ፣ አንዱ ከናይጄርያ፣ አንዱ ከባንግላዴሽ የመጡ ናቸው። የጋራ ቋንቋቸው ዐረብኛ ነው፤ ሲጣሉ ግን ሁሉም በየአፍ መፍቻው ነው አለኝ። ማታ አንድ ትሪ ሩዝ ከበው ይበላሉ።

ይህን ሲነግረኝ የቆሎ ተማሪነቴ ትዝ አለኝ። ቅኔ ልማር ወደ ጎጃም፣ ወደ ዋሸራ ስሄድ ገና ጎረምሳ ነበርኩ። የጎንደሩ፣ የትግራዩ፣ የሸዋው ልጅ በአንድ ጎጆ ነበርን። ውሻ እያባረረን የለመንነውን ቁራሽ ከየአኮፋዳችን አውጥተን ስንቀላቅለው የማን የማን እንደ ሆነ አይታወቅም ነበር። አገር ስናፍቅ የምንጽናናው እርስ በርሳችን ነበር።

ወደ ተራራው ልመለስ። ሪያድ ሜዳ ብትመስልም ከባሕር ወለል በላይ 600 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። በምዕራቧ በኩል ጡወይቅ የሚባል የተራራ ሰንሰለት 800 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ግንብ ተዘርግቷል። ከከተማዋ ወደ ሰሜን ምዕራብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ሲነዳ ሰዎች «የዓለም ዳርቻ» የሚሉት ገደል አለ። አራቱ ጓደኛሞች በአንድ ዓርብ መኪና ተከራይተው፣ ውኃና ተምር ይዘው ሄዱ። አስፋልቱ ካለቀ በኋላ መንገዱ ድንጋይና አሸዋ ነው። ስልክም አይሠራም። ግራር ያለበት ሸለቆ ሲያልፉ ልጁ የባቲን ቆላ አስታወሰ።

ተራራ ወጣን ይበሉ እንጂ እንደ አገራችን ከሥር ወደ ላይ መቧጠጥ አይደለም። መኪናው ከላይ ያደርሳል፤ ጥቂት በእግር እንደ ሄዱ መሬቱ ድንገት ያልቃል። ግሼንን ያየሽ እንደ ሆነ ይገባሻል፤ የአምባ ጫፍ ነው። ገደሉ 300 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ከሥሩ ዓይን እስኪደክም ሜዳ ነው፤ በሜዳውም የደረቁ የጎርፍ መንገዶች እንደ መዳፍ መሥመር ይታያሉ። ድንጋዩ ውስጥ የባሕር እንስሳት ቅርፊት ታትሞ ይገኛል። ያ ሁሉ በረሃ እጅግ በጥንት ዘመን ባሕር ነበረና። የናይጄርያው ልጅ ከፍታ ስለሚፈራ በሆዱ ተስቦ ነው ቁልቁል ያየው፤ እስከ ዛሬ ይሥቁበታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከዚያው ከሰፈራችን የሄደች አንዲት ልጅ ሪያድ ከገባች አራት ዓመቷ ነው። ልጁ ለዕረፍት መጥቶ ሲመለስ እናቷ በሶና ድርቆሽ ላኩላት። ደውሎ ከበር ደረሰ። ከወንድ ጋር ቆማ ብትታይ ትጠየቃለችና ቆሻሻ የምትጥል መስላ ወጣች። አምስት ደቂቃም አልቆሙም። በስልኩ የገደሉን ፎቶግራፍ አሳያት።

«ይህ የት አገር ነው?» አለችው።

«እዚሁ ሪያድ አጠገብ።»

ሣቀች። ቆይታ «እኔ የማውቃት ሪያድ ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከዚህ በር ያለችው ናት» አለችው።

ይህን ቃል ሰምቼ ሌሊቱን በደንብ አልተኛሁም። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የአገሩ ደንብ ለቤት ሠራተኛ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ፈቅዷል። በወረቀት ያለው ሁሉ ከየቤቱ በር እንደማይደርስ አላጣሁትም። እኔም በጎጆዬ ተቀምጬ «ውጪ» ማለቱ ይቀለኛል። ደግሞም ጠፍተሽ ሂጂ አልልሽም። ነገር ግን ቀኑን የሚሰጡሽ ከሆነ ሁሉንም በእንቅልፍ አትጨርሺው። ኢቃማሽን ይዘሽ፣ ለቤቱ ሰዎች ተናግረሽ፣ ከምታምኛት እኅትሽ ጋር ውጪ። ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ የከተማው ባቡር ሥራ ላይ ነው፤ ለቤተ ሰብ የተለየ ክፍልም አለው። በከተማዋ ምዕራብ በሐኒፋ ሸለቆ ውኃና የቴምር ዛፍ አለ። ወደ ገደሉ ከሆነ ግን ከማታውቂው ሰው መኪና አትግቢ፤ በክረምታችን ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋልና ከኅዳር እስከ የካቲት ይሻላል።

ልጅቱ በቀደም ለእናቷ ስትደውል እኔንም አናገረችኝ። ስለ ቤቱ ቆርቆሮ፣ ስለ ታናሽ ወንድሟ ትምህርት አወራን። ልትዘጋ ስትል «መምሬ፣ እዚያ ተራራ ላይ ነፋስ አለ?» አለችኝ። ልጁን ጠይቄ መለስኩላት፤ አለ፣ የባንግላዴሹን ልጅ ቆብ ወስዶበታል።