ሁለት ዓይነት ዕቃቃ

ዕቃቃ ሳይጫወት ያደገ ኢትዮጵያዊ አለ ለማለት ይከብዳል። በጣሳ ክዳንና በገል ጓዳ የሚደራጅበት፣ አፈሩ ዱቄት፣ ቅጠሉ ጎመን፣ ጠጠሩ ሥጋ የሚሆንበት ያ ጨዋታ ግን፣ ልብ ብሎ ላስተዋለው፣ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። በአንደኛው ታላቅ እኅት ትነሣና «አንቺ እናት ነሽ፤ አንተ አባት ነህ፤ አንተ ደግሞ ትታመማለህ» ብላ ታከፋፍላለች። የታመመው ልጅ መታመም አይፈልግ ይሆናል፤ ነገር ግን ታሪኩ የእርሷ ነውና ጋደም ብሎ ያቃስታል። በሁለተኛው አከፋፋይ የለም። አንዱ «እኔ ሐኪም ነኝ» ይላል፤ ሌላው «እኔ ሽፍታ ነኝ» ይላል፤ የሚሆነው ነገር እየተጫወቱ ይወለዳል። ብዙ ጊዜም በጠብ ያልቃል።

ይህን ማንሣቴ ስለ ልጆች ለመጻፍ አይደለም፤ ነገሬ ስለ ቪዲዮ ጌም ነው። አንባቢ «ደግሞ ጌም እዚህ ገጽ ላይ ምን ይሠራል?» ቢል አልቀየምም። ጌም ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው በየሰፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት ወጣቱ የሚጋፋበትን እግር ኳስ ነውና። እኔ የምለው ግን ሌላውን ዘር ነው። ተጫዋቹ የአንድን ሰው ገጸ ባሕርይ ለብሶ፣ አርባና ስልሳ ሰዓት በሚፈጅ ታሪክ ውስጥ የሚኖርበትን፣ ፈረንጆቹ «ሮል ፕሌይንግ» የሚሉትን። በአማርኛ «የሚና ጨዋታ» ቢባል ያስኬዳል፤ ለእኔ ግን ዕቃቃ ማለቱ ይቀለኛል። ይህም ዕቃቃ እንደዚያኛው ሁለት ወግ አለው፤ የጃፓንና የምዕራቡ።

ግንዱ አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ» የሚባል ጨዋታ አወጡ። ኮምፒዩተር የለበትም፤ ወረቀት፣ እርሳስና ዳይስ ይበቃዋል። ጠረጴዛ ከበው የተቀመጡ ጓደኛሞች እያንዳንዳቸው ራሳቸው የፈጠሩትን ሰው ይሆናሉ፤ አንዱ ደግሞ ተራኪም ዳኛም ሆኖ ይመራቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1981 ይኸው መንፈስ «ዊዛርድሪ» እና «አልቲማ» በተባሉ ሁለት ሥራዎች የግል ኮምፒዩተር ውስጥ ገባ። ጃፓን ውስጥ ዩጂ ሆሪ የሚባል ሰው ነበር፤ ለመጽሔት እየጻፈ የሚተዳደር፣ እንደኛ ቢጤ። ሁለቱንም ወደዳቸው፤ ግን ከባድ ሆነው አገኛቸው። ኮምፒዩተር የሌለው የአገሩ ልጅ በቤቱ ቴሌቪዥን እንዲጫወተው አቅልሎ፣ ሥዕሉን አኪራ ቶሪያማ የተባለ የታወቀ የካርቱን ሠዓሊ ሥሎለት፣ እ.ኤ.አ. በ1986 «ድራጎን ኩዌስት»ን አወጣ። በዓመቱ የሂሮኖቡ ሳካጉቺ «ፋይናል ፋንታሲ» ተከተለ። መንገዱ የተለያየው ከዚህ ላይ ነው።

ልዩነቱ ከመጀመሪያው ደቂቃ ይታወቃል። የምዕራቡ ጨዋታ ሲከፈት «ማን ነህ?» ብሎ ይጠይቃል። ወንድ ነህ ሴት? ጉልበትህ ምን ያህል፣ ብልሃትህ ምን ያህል፣ አንደበትህስ? የተሰጠህን ነጥብ እንደ ደመወዝ ትደለድላለህ፤ አንዱን ብታበዛ ሌላው ይጎድላል። የጃፓኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይጠይቅም። ሲከፈት አንድ ሰው ቆሞ ይጠብቅሃል፤ ስም አለው፣ የመጣበት መንደር አለው፣ የሚደብቀው ቁስል አለው። «ይህን ሰው ያዝና እስከ ፍጻሜው አድርሰው» ነው የሚልህ። ስለዚህ የመጀመሪያው ዕቃቃ አከፋፋይ የሌለበት ነው፤ የሁለተኛው ታላቅ እኅት ያለችበት።

ሁለቱን ወጎች ጎን ለጎን ለማየት ከ1997 (እ.ኤ.አ.) የተሻለ ዓመት አላውቅም። በዚያ ዓመት ከጃፓን «ፋይናል ፋንታሲ 7»፣ ከአሜሪካ «ፎልአውት» ወጡ። በጃፓኑ ውስጥ ኤሪስ የምትባል አበባ ሻጭ አለች። ተጫዋቹ ብዙ ሰዓት አብሯት ይጓዛል፤ ያስታጥቃታል፣ ያጠነክራታል። ከዚያ ታሪኩ ገና እኩሌታ ሳይደርስ፣ ተንበርክካ ስትጸልይ ጠላት ከላይ ወርዶ በሰይፍ ይወጋታል። የትኛውም ጉልበት፣ የትኛውም መድኃኒት አያድናትም። በዓለም ዙሪያ ስንቱ ተጫዋች የሚያስነሣት ምሥጢር አለ እያለ ሲፈልግ ከርሟል፤ የለም። በ«ፎልአውት» ግን ነገሩ ተገልብጧል። በኑክሌር ጦርነት በጠፋ ዓለም፣ ከመሬት በታች ከሚኖር ሕዝብ መካከል ተመርጠህ የውኃ ማጣሪያ ዕቃ ፍለጋ ትወጣለህ። ብልሃትህን እጅግ ዝቅ አድርገህ ከፈጠርኸው ሰውዬህ እንኳን ሊከራከር አፉ አይፈታም። አንደበተ ርቱዕ አድርገህ ከፈጠርኸውና ማስረጃውን ከሰበሰብህ ደግሞ፣ የመጨረሻውን ባላንጣ አንዲት ጥይት ሳትተኩስ፣ ሐሳቡ ከንቱ መሆኑን አስረድተህ በቃል ብቻ ታሸንፈዋለህ።

እኔ የሁለተኛው ወገን ነኝ። ክርክር ሠይፍን የሚያሸንፍበት ጨዋታ ከመጻፍ ለሚያድር ሰው እንዴት አይጥመውም? ለእኔ የነጻው ዕቃቃ ትልቅነት ኃላፊነትን ማስተማሩ ነው፤ የመረጥኸውን አንተው ትውጠዋለህ። የሌላው ወግ ጥቅም የታየኝ ግን መጽሐፍ ላይ ሳይሆን ላሊበላ ላይ ነው።

ለሥራ ሄጄ ያገኘሁት አስጎብኚ ሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ያለ ልጅ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ እንግዳውን አስቀረ፤ በ2013 ክረምት ጦርነቱ ከተማዋ ድረስ ገባ፤ ከዚያም ወዲህ ላስታ ብዙ ጊዜ ጸጥታ አላገኘም። እንግዳ ሲጠፋ አስጎብኚ ምን ይሠራል? ይህ ልጅ ያረጀ ላፕቶፕ አለው። አዳዲሶቹን ጨዋታዎች መሸከም ስለማይችል ከጓደኛው በፍላሽ የተቀበላቸው አሮጌዎቹን ነው፤ እነዚያው የ1997ቱ ሁለቱም አሉበት። መብራት ሲኖር ማታ ማታ ይጫወታል። የትኛውን እንደሚወድ ስጠይቀው ሳያመነታ የጃፓኑን አለኝ። እኔም እንደ ልማዴ ክርክሬን ጀመርሁ፤ ምርጫ የሌለው ተጫዋች ተሳፋሪ እንጂ ሾፌር አይደለም አልሁት።

«ጋሼ፣» አለኝ፣ «በዚያኛው ሰው ሲሞትብኝ ‹ያን ጊዜ እንዲህ ብል ኖሮ› እያልሁ አድራለሁ። ወደ ኋላ ተመልሼ አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይበላሻል። በዚህኛው ግን ልጅቷ ስትሞት የእኔ እጅ የለበትም። አዝናለሁ፤ ከዚያ መንገዱ ይቀጥላል።»

ዝም አልሁ። በዚያ ክረምት ታላቅ ወንድሙ መሞቱን ቀደም ሲል ነግሮኛል። «ከሁለት ቀን በፊት ወደ ገጠር ልከነው ቢሆን ኖሮ» የምትለዋ ነገር ከዚያ ወዲህ ከቤታቸው ወጥታ አታውቅም፤ ቡና በተፈላ ቁጥር እናትየው ያነሷታል። እንግዲህ «ምርጫህን አንተው ትውጠዋለህ» የሚለው ትምህርት ለዚህ ልጅ ምኑ ነው? እርሱ የቸገረው የኃላፊነት እጦት ሳይሆን የኃላፊነት ብዛት ነው። ለዚህ ዓይነቱ ሰው፣ ማንም ሊያድናት ያልቻለች ልጅ ያለችበት ታሪክ፣ ለቅሶ እንደሚደርስ ጎረቤት ነው። ሐሳቤን አልለወጥሁም፤ ለማን እንደምናገረው ግን ከዚያ ወዲህ አስቀድሜ አያለሁ።

በማግስቱ አብያተ ክርስቲያናቱን አዞረኝ። አሥራ አንዱም ከአንድ ወጥ ዓለት የተፈለፈሉ ወይም ከዓለቱ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ከመካከላቸው የሚወርደው ወንዝ ዮርዳኖስ ይባላል፤ ጎልጎታም አለ። ኢየሩሳሌም መድረስ ያልቻለ ተሳላሚ በላስታ ተራራ ላይ ኢየሩሳሌምን ይረግጣል። በእነ ቤተ መድኃኔ ዓለም በኩል ሰው ከፈለገበት ተነሥቶ በቦዩ እየተሽሎከለከ ወደ ወደደው ይሄዳል። በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል በኩል ግን «ሲኦል» የሚሉት ጨለማ ዋሻ አለ። አስጎብኚው የስልኬን መብራት አስጠፋኝ፤ እጄን ግድግዳው ላይ አድርጌ እንድከተለው ነገረኝ። እዚያ ውስጥ ምርጫ የለም፤ ወደ ፊት ብቻ ነው። ብርሃኑ ሲመጣ ግን የሚሰማህን እፎይታ በነጻ መንገድ አታገኘውም። ይህ ለምእመኑ ጸሎት እንጂ ጨዋታ አይደለም፤ ከጌም ጋር ላስተካክለው አልዳዳም። ሆኖም ሥጋን በታሪክ ውስጥ አስገብቶ ደረጃ በደረጃ ማስኬድ ሰው ማሽን ከመሥራቱ ብዙ ዘመን አስቀድሞ ያውቀው የነበረ ጥበብ መሆኑን ይመሰክራል።

ዛሬ በሁለቱ ወጎች መካከል ያለው አጥር ሳስቷል። ፖላንዶች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት «ዊቸር 3» ተጫዋቹ የሚይዘው ስምና የኋላ ታሪክ ያለውን ጌራልትን ነው፤ ውሳኔው ግን የተጫዋቹ ነው። ጃፓናዊው ሂዴታካ ሚያዛኪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው «ኤልደን ሪንግ» ሰውየውን አንተው ፈጥረህ በሰፊ አገር ላይ እንደ ልብህ ትንከራተታለህ። የሚያዛኪ የልጅነት ታሪክ በተለይ ይነካኛል። ቤተሰቡ ድኻ ስለነበር መጻሕፍት ከቤተ መጻሕፍት ይዋስ ነበር፤ ከአቅሙ በላይ የሆኑትን እያነበበ፣ ያልገባውን ክፍተት ከሥዕሉ ተነሥቶ በራሱ ምናብ ይሞላው ነበር። ጨዋታዎቹ ታሪካቸውን በቁንጽል የሚናገሩት ከዚያ ልማድ የተነሣ መሆኑን ራሱ ተናግሯል።

የእኛም ልጆች ክፍተት እየሞሉ ነው የሚጫወቱት። አስጎብኚው እንግሊዝኛውን ከእንግዶች ጋር ሲውል አጥርቶታል፤ አጠገቡ ተቀምጦ የሚያይ ታናሽ ወንድሙ ግን ጽሑፉ ሲመጣ «ምን አለች?» እያለ ይጠይቃል። ፕሌይስቴሽን ቤቱን እግር ኳስ የሞላው ለዚህም ይመስለኛል፤ ኳስ አስተርጓሚ አይፈልግም። አልፎ አልፎ ክፍተት መሙላት ምናብን ያሰፋል፤ ዕድሜ ልክ በክፍተት ውስጥ መኖር ግን ሌላ ነገር ነው። አዲስ አበባ ላይ «ቅኔ ጌምስ» የተባለው ድርጅት ኩኩሉንና ገበጣን ወደ ስልክ ማምጣቱ ያስመሰግነዋል፤ ረጅም ታሪክ ያለው የአማርኛ ዕቃቃ ግን ገና እጄ አልገባም። የውጪዎቹ እኛን ሲያስቡንም እንዲህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 «ሲቪላይዜሽን 6» ኢትዮጵያን ሲጨምር፣ ውቅር ቤተ ክርስቲያን ኮረብታ ላይ ተተክሎ የእምነት ነጥብ የሚያስገኝ ሕንፃ ሆኖ ገባ። ነጥብ ሆነ፤ ታሪክ አልሆነም።

ሆሪ የአሜሪካኑን ጨዋታ ሲያገኝ አልናቀውም፤ እንዳለም አልገለበጠውም። ወደ አገሩ ልጅ ቋንቋና ዓይን አመጣው። ለላስታ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የሩቅ አገር ታሪክ ተቀብሎ፣ በራሱ ዓለት ላይ በራሱ መዶሻ ቀርጾ የራሱ ማድረግን ከስምንት መቶ ዓመታት በፊት የሠራበት ነው።

ከመለያየታችን በፊት አስጎብኚውን ጠየቅሁት፤ አንተ ብትሠራው በየትኛው ወግ ትሠራው ነበር? ጥቂት አሰበና «ተጫዋቹ ከአሥራ አንዱ ከፈለገበት ይጀምር፤» አለኝ፣ «ዋሻው ጋ ሲደርስ ግን ሁሉም መብራቱን ያጠፋል።»