የያቤሎ ወፎች
ከያቤሎ ወደ ሜጋ የሚሄድ መንገደኛ፤ ዝናብ በማይበዛበት በዚያ በቦረና አገር ወፍ ለማየት ቢሻ፤ ጥቅጥቅ ያለውን ዱር ትቶ የከብቱን መሰማሪያ ቢመለከት ይሻለዋል። በግራር ላይ በእሾህ የተከመረ ትልቅ ጎጆ ያገኛል። ባለቤቱ አካሉ ግራጫ፤ ክንፉና ጅራቱ ጥቁር፤ የዐይኑ ዙሪያ ሰማያዊ የሆነ ቁራ ነው፤ ከላሞቹ አጠገብ መሬት እየቈፈረ ትል ይለቅማል። ሞልቶኒ የተባለ የኢጣልያ ሊቅ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1938 ዓ.ም. ስም አወጣለት።

ጅራቷ ነጭ የሆነች፤ ዝንብ በአየር ላይ የምትይዝ ትንሽ ወፍም በባላገሩ ቤት ውስጥ ትፈለፍላለች፤ እንግዳ ሳያስፈቅድ እንዳይገባ እናሳስባለን።

ቁራው ከዙሪያው ቈላ ቀዝቀዝ ያለውን ይህን ስፍራ ብቻ ይኖርበታል፤ የዓለም ሙቀት ቢጨምር መሸሻ የሌለው መሆኑ ያሳዝነናል። ፀሐይ ስትበረታ ምንቃሩን ከፍቶ በጥላ ስለሚቆም፤ ሊያየው የሚወድ በማለዳ ይነሣ።