የይፋጓ እማማ ስም

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በመኪና የሄዳችሁ ሁሉ ይፋግን አልፋችኋታል። «አልፋችኋታል» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ወረታን ለቆ የርብን ድልድይ የተሻገረ መንገደኛ ሐሳቡ አዲስ ዘመን ላይ ነው፤ እዚያ ወርዶ ሻይ ይጠጣል። ይፋግ ግን በመስኮት ታይታ የምታልፍ ትንሽ ከተማ ናት። እኔም ከባለቤቴ ጋር ለአገልግሎት ወደ ጎንደር ስንመላለስ ሁለት ጊዜ አልፌአታለሁ፤ በሁለተኛው እንዲያውም ተኝቼ ነበር።

በ19ኛው መቶ ዘመን ቢሆን ኖሮ ማንም በእንቅልፍ አያልፋትም ነበር። ያኔ ይፋግ ስሟ የገነነ የገበያ ከተማ ነበረች። ነጋዴው በቅሎውንና አህያውን ጭኖ ይመጣባታል፤ የውጭ አገር ተጓዦችም በጻፏቸው መጻሕፍት ውስጥ ስሟ ይነሣል።

በጥር 2011 ዓ.ም. ግን ይፋግን በእግሬ ረገጥኋት። ያስኬደኝ የእህቴ ልጅ ጉዳይ ነው። በዚያን ጊዜ በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት የጤና ተማሪ ነበረች። አንድ ቀን ማታ ለእናቷ ደውላ፣ «ስመረቅ ለአንድ ዓመት በበጎ ፈቃድ ለማገልገል ማላዊ መሄድ እፈልጋለሁ» አለቻት። እህቴ አለቀሰች። ካለቀሰች በኋላም እኔ ጋ ደወለች፤ «አንቺን ትሰማሻለች። የመጋቢ ሚስት ነሽ፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅም ተምረሻል። ሂጂና ሐሳቧን አስለውጫት!»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሻንጣዬን ያዘጋጀሁት ላስለውጣት ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን ሚስዮናውያን ሲላኩ ከፊት ቆሜ እጄን የምጭንና የምጸልይ ሴት ነኝ። የላክናቸው ግን የሌላ ሰው ልጆች ነበሩ። የራሴ ሥጋ ተነሥታ «እኔን ላኩኝ» ስትል፣ ወባውን፣ ቋንቋውን፣ የጋብቻ ዕድሜዋን፣ ሁሉንም በአንድ ሌሊት ቆጠርኩት።

አባቴ ግን ሌላ ነገር ተናገሩ። «ከመምከርሽ በፊት ይፋግ ውሰጃት» አሉኝ።

አባቴ በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘማች ነበሩ። በዕድሜ ያልደረሳችሁ እንድታውቁት ያህል፣ ደርግ ዩኒቨርሲቲውንና የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ክፍሎችን ዘግቶ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር የላከበት ዘመቻ ነው። ከዚያም በፊት ቢሆን ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር ያገለግል ነበር፤ አብዛኛው በመምህርነት። አባቴ ያንን ሳይደርሱበት ዘመቻው ደረሰባቸው። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳሉ ይፋግ ተመደቡ፤ ፊደል ሊያስቆጥሩና መጸዳጃ ቤት ሊያስቆፍሩ። በሁለተኛው ወር ወባ ጣላቸው። አንዲት እናት ከቤቷ አስተኝታ አጥሚት እያጠጣች አስታመመቻቸው። ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። «ላስተምር ሄጄ ተመግቤ መጣሁ» ይላሉ ሁልጊዜ።

«ማን ትባላለች አባባ? ሄደን እንጠይቅላችሁ» አልኳቸው።

ዝም አሉ። «እማማ ነበር የምላት» አሉ ቆይተው። «ቤቷ ከገበያው በላይ ነው፤ ዋርካ አለ። ባሏ ሸማኔ ነበር።»

ይህን ብቻ ይዤ ተነሣሁ።

ደብረ ታቦር እንዴት ትበርዳለች! ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት። የእህቴ ልጅ በጋቢ ተጠቅልላ በር ላይ ጠበቀችኝ። ዩኒቨርሲቲው ማስተማር የጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነውና ያኔ ገና ለጋ ነበር። ዛፎቹ ጥላ አልነበራቸውም። ውኃ ስትጠፋ ተማሪው ባልዲ ይዞ ይሰለፋል። ካፌ ሽሮ፣ ማታ ላይብረሪ፣ ቅዳሜ ልብስ አጠባ፣ በሳምንት አንድ ቀን ፌሎሺፕ። በዶርሟ ስድስት ሆነው ይኖራሉ። በእንግድነቴ አልጋ ላይ አስቀምጠውኝ በሶ በጠበጡልኝ። በሶው ከስማዳ የመጣች ልጅ ከቤቷ ያመጣችው ነው።

ማታ የእህቴ ልጅ አንድ ደብተር አሳየችኝ። ማስታወሻ ነው፤ ውኃ ተሰልፋ፣ አስተማሪ ሲቀር፣ እንቅልፍ ሲያጣት የምትጽፈው። ፈቅዳልኝ ጥቂቱን አነበብኩ። ስለ ማላዊ የጻፈችው ብዙ ነው፤ ስለ ክሊኒክ፣ ስለ እናቶች፣ ስለ ሕፃናት። አንድ ገጽ ላይ ግን እንዲህ የሚል አሳብ ነበር፦ የስማዳዋ ልጅ ሳሙና ሲያልቅባት በውኃ ብቻ ልብሷን እንደምታጥብ ያወቀችው አብረው ዓመት ከኖሩ በኋላ ነው። ሁለት ሜትር ርቃ የምትተኛውን ሳታውቅ ማላዊ ምን ልታደርግ ነው? ከሥርም «መሄዴ ግማሹ ለማገልገል ነው፤ ግማሹ ግን ለመሄድ ብቻ ነው። ለማንም አልነገርኩም» ብላለች።

እኔ ላስለውጥ ያዘጋጀሁት ስብከት እዚያው ቀረ። የእኔን ግማሽ ስላልጻፍኩ እንጂ እኔም ግማሽ ነበረኝ። ስለ ደኅንነቷ እጨነቃለሁ እል ነበር፤ የምፈራው ግን ወጥታ እንዳትቀር ነው።

በማግሥቱ ጋፋት ወሰደችኝ። ከከተማው ብዙ አይርቅም፤ አሳብ ሲበዛባት በእግሯ የምትሄድበት ስፍራ ነው። ታሪኩን በከፊል ታውቁት ይሆናል። አፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩበት ቦታ ነው። ሠሪዎቹ እነማን ነበሩ? በስዊዘርላንድ በባዝል ከተማ አጠገብ ቅድስት ክሪሾና በሚባል የሚስዮን ትምህርት ቤት የተማሩ ወጣቶች ይገኙባቸዋል። ትምህርት ቤቱን በ1840 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው ክርስቲያን ፍሪድሪክ ሽፒትለር ነው። ቀደም ሲል በኢትዮጵያ ያገለገለው ሳሙኤል ጎባት የኢየሩሳሌም ጳጳስ ከሆነ በኋላ እነዚህን ወጣቶች ወደ አገራችን እንዲመጡ አደረገ። አሳቡ መልካም ነበር፤ እንደ ድንኳን ሰፊው ጳውሎስ በእጃቸው ሙያ እየኖሩ ወንጌልን ይመስክሩ የሚል ነው። ከ1850ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፍላድ፣ ቤንደር፣ ኪንዝለን፣ ማየር፣ ቆይቶም ዛልሙለርና ቫልድማየር መጡ። የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም ይዘው ነበር።

ንጉሡ ግን የፈለጉት እጃቸውን ነበር። መንገድ ሥሩ ተባሉ። ቀጥሎ መድፍ ሥሩ ተባሉ። መድፍ ሠርተው አያውቁም። ከብዙ ሙከራ በኋላ ተሳካላቸው፤ በመጨረሻም ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተወለደ። በ1867 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ የደረሰው በ1868 መጋቢት ነው። ዛሬም እዚያው ነው።

«እምቢ ማለት አይችሉም ነበር?» አለችኝ የእህቴ ልጅ ሣሩ ላይ ተቀምጣ።

በኮሌጅ ሳለሁ ይህ ጥያቄ በፈተና ቢመጣ ሁለት ገጽ እጽፍበት ነበር። ጋፋት ላይ ግን መልስ አጣሁ። እንደ ቴዎድሮስ ባለ ንጉሥ ፊት እምቢ ማለት ቀላል አይደለም። ደግሞም እነዚህ ሰዎች ለሳምንት መጥተው ፎቶ ተነሥተው የሄዱ አይደሉም፤ ቋንቋውን ተምረዋል፣ ከአገሩ ሰው ጋር ተጋብተዋል፣ ልጆች ወልደዋል፣ በመጨረሻም ከእስረኞቹ ጋር መከራውን ቀምሰዋል። ቫልድማየር ከመቅደላ በኋላ ሊባኖስ ሄዶ በብሩማና ትምህርት ቤት፣ ቆይቶም አስፉሪዬ የተባለውን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ። ቢሆንም ሊሰብክ የመጣ ሰው መድፍ አቅልጧል። የመጣበትን ሌላ፣ የሠራው ሌላ። የእህቴ ልጅ ይህንንም ደብተሯ ላይ ጻፈች።

ከደብረ ታቦር በዓለም በር በኩል ወደ ወረታ ሲወረድ ብርዱ እየለቀቀ ሄዶ የፎገራ ሜዳ ይዘረጋል። የሩዝ ገለባው በየቦታው ተከምሯል፤ በርብ ዳር ሽንኩርቱ አረንጓዴ ነው። ሩዙም ቢሆን የእንግዳ ሥራ አለበት። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ከገበሬው ጋር ሆነው አስለመዱት። ገበሬው ለረጅም ጊዜ የዘራው ዝርያ ግን «ኤክስ ጅግና» ነው የሚባለው፤ ጅግና የዚያው አገር ቀበሌ ናት። እንግዶቹ ሄዱ፤ ዘሩ የባለ አገሩን ስም ይዞ ቀረ።

ይፋግ ወርደን አንድ ሽማግሌ አገኘንና ሰላምታ ሰጥተን ጠየቅን። «በዘመቻ ጊዜ ተማሪ ያስታመመች እናት ነበረች። ባሏ ሸማኔ...»

«ስሟስ?» አሉ።

«አናውቅም አባቴ።»

ሽማግሌው የእህቴን ልጅ፣ ከዚያም እኔን አዩ። «ያበላችሁን ሰው ስም ሳታውቁ?» አሉ፤ በቁጣ ሳይሆን በመገረም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ዘማቾቹን ግን ያስታውሳሉ። ደግ ልጆች ነበሩ አሉ፤ ፊደል የለየው በእነርሱ የለየ አለ። መጸዳጃ ቤቱ ግን፣ እዚህ ላይ ሳቁ፣ መረሬ አፈር ላይ ስለቆፈሩት ክረምት ሲመጣ ተንዶ ሞላ። «ብንነግራቸው አልሰሙንም፤ የተማሩ ናቸዋ!» እኔም ሳቅሁ። በአንድ ወቅት እኛ ቤተ ክርስቲያን የመጡ የውጭ አገር ወጣቶች በሐምሌ ዝናብ ግድግዳ ቀቡልንና መስከረም ላይ የእኛ ልጆች እንደገና ቀቡት። ነግረናቸው ነበር? አልነገርናቸውም፤ ይሉኝታ ይዞን። ይፋጎች ይሻላሉ፤ ቢያንስ ተናግረዋል።

በሰፈሩ ሁለት ሸማኔዎች ነበሩ። ሽማግሌው የአንደኛውን ልጅ ቤት አሳዩን። ሴትዮዋ ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ፣ ማዕተብ ያሰረች፣ ፊቷ የተረጋጋ እናት ናት። ጉዳያችንን ስትሰማ፣ «እናቴ ብዙ ተማሪ አብልታለች። የእናንተው የእሷ ይሁን የሌላይቱ በምን አውቄ? አርፋለች፤ ነፍሷን ይማር። ቡናው ግን ይጠጣ» አለች። ዋርካ የሚባል ነገር አላየሁም፤ ተቆርጦ ይሆናል፣ ወይም ቤቱ ሌላ ነው።

ቡናው እየፈላ የእህቴ ልጅ የጤና ተማሪ መሆኗን ስትነግራት ሴትዮዋ ስለ ልጇ ጀመረች። ወንድ ልጇ ሁመራ ወርዶ ሰሊጥ አጭዶ ተመለሰ፤ ከዚያ ትኩሳት፣ የሆድ እብጠት፣ ክሳት። ወባ ነው እየተባለ መድኃኒት ወሰደ፤ አልዳነም። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም የሆነው ይህ ነበር። በሽታው ካላዛር ነው፤ የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው፣ ካልታከመ የሚገድል። መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ መስሎ ነበር። ከታወቀ በኋላ ድንበር የለሽ ሐኪሞች መጥተው ከአገሩ የጤና ባለሙያዎች ጋር አዲስ ዘመን ላይ ማከም ጀመሩ። በጥቂት ዓመታት ከሁለት ሺህ በላይ ሰው ታመመ። ሕክምናው ያኔ 30 ቀን በየቀኑ መርፌ ነበር።

«ፈረንጇ ነርስ አማርኛ አታውቅም» አለች ሴትዮዋ። «'ትንሽ ያማል' ማለትን ብቻ ተምራለች። ሠላሳውን ቀን፣ ከመውጋቷ በፊት ትንሽ ያማል ትለዋለች። የልጄንም ስም ተምራ በስሙ ትጠራው ነበር፤ አጠራሩን አጣማው እንስቅ ነበር። ዳነልኝ።»

የእህቴ ልጅ ደብተሯን አወጣች። በሽታውን ወይም መድኃኒቱን የምትጽፍ መስሎኝ ነበር። «እናቴ፣ የእናትዎ ስም ማን ነበር?» አለች። ሴትዮዋ ነገረቻት፤ ጻፈችው። ከዚያም የሴትዮዋን ስም፣ የልጇንም ጠይቃ ጻፈች።

ከይፋግ ለአባቴ ደወልኩላቸው። እርግጠኛ አለመሆናችንን ነግሬ ስሙን አነበብኩላቸው። «ይሁን አይሁን አላውቅም» አሉ። «አልጠየቅኋትም እኮ። እሷ ግን የእኔን ስም ታውቅ ነበር።» ስልኩ ላይ ድምፃቸው ሲለወጥ ሰማሁ።

እህቴ የላከችኝ ለምን እንደ ነበር አትርሱ። ስመለስ «አስለወጥሻት?» አለችኝ፤ «አላስለወጥኋትም» አልኳት። ለአንድ ወር አኮረፈችኝ። የማላዊው ጉዞ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ ተሰረዘ፤ እህቴ ጸሎቷ የተመለሰላት መስሏት ነበር። ከዚያም በኋላ በዚያ አገር ጦርነትና ግጭት ስለ መጣ፣ በ2011 ዓ.ም. በሰላም ወርደን የወጣንበትን መንገድ ባሰብኩ ቁጥር ቡና ያጠጣችንን እናት በጸሎቴ አስባታለሁ።

የእህቴ ልጅ ማላዊ የሄደችው ተመርቃ ለሁለት ዓመት በአገር ውስጥ ጤና ጣቢያ ከሠራች በኋላ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ደወለች። እኔ፣ እናቷና አባቴ አንድ ክፍል ውስጥ ነበርን። «እንዳትደነግጡ፣ ወባ ይዞኝ ነበር፤ አሁን ተሽሎኛል» አለች። ያረፈችበት ቤት እመቤት ገንፎ እያበላች አስታማታለች።

አባቴ ስልኩን ከእጄ ወሰዱት። «ስሟ ማን ይባላል?» አሉ፤ እስክሪብቶም ፈለጉ።