ላፕቶፕ በሙዚቃ መድረክ ላይ

በዛሬው ጊዜ በሠርግም ሆነ በልዩ ልዩ የማታ ዝግጅት ላይ ከከበሮውና ከኪቦርዱ ጎን አንድ ላፕቶፕ ተቀምጦ ማየት የተለመደ ሆኗል። አጃቢው ሙዚቃ፣ አንዳንዴም የኪቦርዱ ድምፅ ሳይቀር የሚወጣው ከእርሱ ነው። እኛም ቀን ቀን በመሥሪያ ቤት እያገለገልን፣ ቅዳሜና እሑድ የአንድ አነስተኛ የሙዚቃ ቡድን ላፕቶፕ ጠባቂዎች ስለ ሆንን፣ ስለዚህ መሣሪያ ጠባይ ጥቂት ለመናገር ወደድን።

ላፕቶፕ በዘፈን መካከል ሲቆራረጥ ብዙ ሰው «ተበላሸ» ብሎ ይፈርድበታል። ዳሩ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሙቀት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ድምፅ በኮምፒዩተር ውስጥ በሰኮንድ 44,100 ጊዜ የተለካ ቁጥር ነው። ፕሮሰሰሩ ይህን ቁጥር የሚያሰናዳው ጥቂት ጥቂት እየቆነጠረ ሲሆን፣ ቁንጥሩ 256 የሆነ እንደ ሆነ አንዱን ለመጨረስ የተሰጠው ጊዜ 6 ሺሕኛ ሰኮንድ እንኳ አይሞላም። ታዲያ ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ደብዳቤ ለሚጽፍ ሰው ይህ መዘግየት አይታወቀውም፤ ሙዚቃ ግን አይጠብቅም። ቁንጥሩ በሰዓቱ ካልደረሰ ድምፁ ይንቋቋል፣ ይቆራረጣል፤ ሙቀቱ ከዚያም ካለፈ መሣሪያው ጨርሶ ይጠፋል።

በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር በአንድ ሠርግ ላይ፣ ሙሽራይቱ ከነሚዜዎቿ ስትገባ የአንድ የምናውቀው ወጣት ላፕቶፕ ዝም አለ። የቀጠሩት ሰዎች ከክፍያው ቆረጡበት፤ እርሱም አፍሮ መሣሪያውን በግማሽ ዋጋ ሸጠው። የገዛው ሰው ሆዱን ቢከፍተው ማራገቢያው አጠገብ እንደ ጥጥ የተደለደለ አቧራ አገኘና ጠረገው። ላፕቶፑ ዛሬም ይሠራል። ወጣቱ ግን ሌላ ለመግዛት ስምንት ወር ሙሉ አጠራቅሟል።

የአዲስ አበባ ሰው «አገሩ ቀዝቃዛ ነው» ብሎ በዚህ ነገር ይዘናጋል። ነገር ግን ማራገቢያ የሚያቀዘቅዘው በአየር ነው፤ የከተማችን አየር ደግሞ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ በመሆኑ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። በዚህ ላይ የከሰዓት ፀሐይ ያረፈበት የላስቲክ ድንኳን ሲጨመር ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ከፀሐይም ይልቅ እኛን ያስቸገረን የጠረጴዛ ልብስ ነው። አስጌጦች መድረኩን በከፋይ ጨርቅ ማልበስ ይወዳሉ፤ ጨርቁም ከላፕቶፑ ሥር ያለውን የአየር መግቢያ ይደፍናል። «እባክሽ እኅቴ፣ ይህቺን ያህል ቦታ ብቻ ተዪልን» እያልን ያልተለማመጥንበት ሠርግ የለም። የላፕቶፑን ኋለኛ ወገን ሁለት ጣት ያህል ከፍ የሚያደርጉ ሁለት ቁራጭ እንጨቶችም በቦርሳችን አይጠፉም። በገበያ የሚሸጠው ባለማራገቢያ መደገፊያ መጠነኛ ጥቅም አለው፤ በእኛ አስተያየት ግን ከእንጨቶቹ እምብዛም አይበልጥም።

የቀረው ቀድሞ የሚሰናዳ ነው። ኢንተርኔቱ ይዘጋል፤ በዘፈን መካከል እድሳት የሚጀምር ፕሮግራም ፕሮሰሰሩን ያደክመዋልና። ብዙ ላፕቶፖች በባትሪ ብቻ ሲሠሩ ፍጥነት ስለሚቀንሱ ቻርጀሩ እንደ ተሰካ ይቆያል፤ መብራት ቢጠፋም ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ባትሪው ያቆየዋል። ቁንጥሩንም ወደ 512 ከፍ ብናደርገው ፕሮሰሰሩ ትንፋሽ ያገኛል። ኪቦርድ ተጫዋቹ መዘግየቱ ጣቱ ላይ ይሰማኛል ብሎ ያጉረመርማል፤ ለተቀዳ አጃቢ ግን አንዳች ጉዳት የለውም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ላፕቶፑ ቢጠፋስ? አጃቢ ሙዚቃዎቹ በሙሉ በአንድ አሮጌ ስልክ ላይ ተገልብጠው፣ ገመዱም ከሚክሰሩ ጋር ተሰክቶ ይጠብቃል። የኪቦርዱን ድምፅ ሊተካ ባይችልም ዘፋኙን ከነማይክራፎኑ ብቻውን አያስቀረውም። ጓደኞቻችን ይህን ስልክ «ተጠባባቂው ሚዜ» ብለው ሰይመውታል።