ጥፋቱ የአብራሪው ብቻ ነው?

ሦስተኛ ጎማቸው ጅራታቸው ሥር የሆነ የድሮ አውሮፕላኖች ሲያርፉ ከመስመር ወጥተው ተሽከርክረው ክንፋቸው መሬት ሲመታ፣ «አብራሪው ተዘናግቶ ነው» ማለት ይቀናናል። እኔ ግን መጀመሪያ መታየት ያለበት የጎማው አቀማመጥ ነው እላለሁ። የእነዚህ አውሮፕላኖች የክብደት ማዕከል ከዋናዎቹ ጎማዎች ኋላ ነው። አፍንጫው ትንሽ ወደ ጎን ካለ፣ ከኋላ ያለው ክብደት ወደፊት መገስገሱን ስለማይተው መጠምዘዙን ያባብሰዋል። ፍጥነቱ ሲቀንስ ደግሞ የጅራቱን መሪ የሚያሠራው ነፋስ ይደክማል። የአፍንጫ ጎማ ባላቸው ላይ ግን ክብደቱ ከዋናዎቹ ጎማዎች ፊት ስለሆነ ራሱ ያቃናቸዋል።

እንደ ዳንግላ ከተማ ባለ፣ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሚገኝ ቦታ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አየሩ ስስ ነው፤ የፍጥነት መለኪያው ያንኑ ቁጥር ቢያሳይም፣ አውሮፕላኑ መሬት የሚነካው ከባሕር ጠረፍ ይልቅ 10 በመቶ ያህል ፈጥኖ ነው። መገታት ያለበት ጉልበትም ከ20 በመቶ በላይ ይጨምራል።

«ታዲያ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ዳኮታ በሚባሉት ባለጅራት ጎማ አውሮፕላኖች ሥራ ጀምሮ፣ በሣርና በአፈር ሜዳ ላይ ስንት ዘመን ሲያርፍ አልኖረም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ኖሯል፤ የአብራሪዎቹ ችሎታም የሚያኮራ ነው። ነገር ግን ሣሩም አግዟቸዋል። ሣር ላይ ጎማ ወደ ጎን ትንሽ ይንሸራተታል፣ አስፋልት ግን ጨብጦ ይይዘውና ያዞረዋል። ለዚህ ነው በአፍንጫ ጎማ የሠለጠነ ሰው፣ የቱንም ያህል ሰዓት ቢበር፣ ለባለጅራት ጎማዎቹ አዲስ ሥልጠና ያስፈልገዋል የምለው።

በእናንተ አካባቢ ዳኮታ ያርፍበት የነበረ ሜዳ ነበር? ዛሬ ምን ሆኗል?