በባቡር መስኮት ያየነው ሳላ

ይህን የምንጽፈው የአንድ ክፍል ሰባት ዕጩ መምህራን ነን። ለልምምድ ማስተማር የደረሰን ርእስ «ብሔራዊ ፓርክ» የሚል ነበር። ከሰባታችን ግን፣ ጅብና ጦጣ ካልተቆጠሩ በቀር፣ የዱር እንስሳ በአካል ያየ አንድ ልጅ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ያላዩትን ማስተማር ያሳፍራል ተባባልንና ከኪሳችን አዋጥተን ወደ አዋሽ በባቡር ሄድን።

አውቶቡስ ይሻላል ያሉን ነበሩ። እኛ ግን ባቡሩንም ማየት አማረን። የድሮው ሐዲድ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ የዛሬው የኤሌክትሪክ ባቡር የተመረቀው በ2009 ዓ.ም. ነው፤ ልክ መቶ ዓመት! ፓርኩ የተቋቋመው በ1958 ዓ.ም. ስለሆነ ሐዲዱ ታላቁ ነው ማለት ነው።

አዳማን ካለፍን በኋላ ሙቀቱ ጠና። መሬቱ ግራርና ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ብቻ ሆነ፤ ፈንታሌ ተራራም በስተግራ ብቅ አለ። ከመተሐራ ወዲያ ሁላችንም መስኮት ላይ ተለጠፍን። ድንገት አንዷ «ሳላ! ሳላ!» ብላ ጮኸች። ሦስት ነበሩ፤ ፊታቸው ጥቁርና ነጭ፣ ቀንዳቸው እንደ ጦር ቀጥ ያለ። ባቡሩ መች ይጠብቃል፣ ወዲያው ጠፉ። ከጎን ያየ «ባለ አንድ ቀንድ ነው» ብሎ ድርቅ አለ፤ ከፊት ያየችው ሁለት ቆጠረች። እስከ አዋሽ ድረስ በዚሁ ተጨቃጨቅን። (ሁለት ነው። ሴቷም ቀንድ አላት።)

አንዱ ጓደኛችን ግን ዝም ብሎ ነበር። የዱር እንስሳ አይቻለሁ ያለን እሱ ነው፤ ቤተሰቦቹ የከረዩ አርብቶ አደሮች ናቸው። «ምነው ዝም አልክ?» ስንለው «እናንተ ሳላ ትፈልጋላችሁ፣ እኔ የማየው ከብት ነው» አለን። እውነትም ከሐዲዱ ማዶ ከብቶች ነበሩ፤ ከእሱ በቀር ማናችንም ልብ አላልንም።

ከዚያ በኋላ ነው የነገረን። በበጋ አያቱ ከብት ያወርዱበት የነበረው ግጦሽ ዛሬ ፓርክ ነው። የወንዙን ዳር የስኳር እርሻው ያዘው። በሰቃ ሐይቅም ከዓመት ዓመት እየሰፋ መሬት ዋጠ፤ ውኃው ደግሞ ጨዋማ ነው። «ታዲያ ከብቱ የት ይሂድ?» ብሎ ጠየቀን። የመለሰለት የለም።

በማግስቱ ሚኒባስ ተከራይተን ፓርኩ ገባን። ፏፏቴውን አየን፤ አዞም አየን፤ ፎቶ ተነሣን። ስለዚህ ብዙ አንጽፍም፣ ደስ ይላል። ጓደኛችን ግን አብሮን ከነበረው ስካውት አልተለየም። «ጋሼ፣ በድርቅ ጊዜ ከብት ሲገባ ምን ታደርጋላችሁ?» አላቸው። ሰውየው ትንሽ ቆዩና «እናስወጣለን» አሉ። ቀጥለውም «ሳሩን ከብቱ ከጨረሰው ሳላው ምን ይበላል? የከብቱን ባለቤት ደግሞ አውቀዋለሁ፤ ጎረቤቴ ነው» አሉ።

ስንመለስ የትምህርት ዕቅዱን ማዘጋጀት ጀመርን። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ብሔራዊ ፓርክ የዱር እንስሳት ያለ ሰው ጣልቃ ገብነት የሚኖሩበት ሥፍራ ነው» ይል ነበር። ጓደኛችን እስክሪብቶውን አንሥቶ «ያለ ሰው» የሚለውን ሰረዘው። ሦስቱ ደገፉት። ሦስታችን ደግሞ «አራተኛ ክፍል ነው የምናስተምረው እኮ! ይህን ሁሉ ብንነግራቸው ሳላውን ማን ይጠብቀዋል?» አልን። የምንጽፈውም አንድ ላይ ይሁን እንጂ በዚህ ነገር እስካሁን አልተስማማንም።

የምናስተምረው ሰኞ ነው። ሐሳብ ያላችሁ፣ መምህራኖቻችንም ጭምር፣ እስከ ዓርብ ጽፋችሁ ከዚህ ወረቀት ሥር ለጥፉልን።